የሮዝውድ ዓይነቶች በሚለዩበት ዘዴ ላይ የቀረበ ሂስ

በቀድሞ ዘመን የተሠሩ ጊታሮች ሲሸጡ፥ «ጀርባውና ጎኑ የብራዚል ሮዝውድ ነው» የሚል ቃል በመግለጫው ላይ በድፍረት ተጽፎ እናገኛለን። ማስረጃው ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ቀለሙ፥ ሽታው ወይም ድምፁ ነው የሚል ይሆናል። እነዚህን ማስረጃዎች አንድ በአንድ ልንመዝናቸው እንወዳለን። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስሙን እንመልከት። ሮዝውድ የአንድ ዛፍ ስም ሳይሆን፥ ዳልበርጊያ በሚባለው ወገን ውስጥ ላሉ ብዙ ዛፎች የተሰጠ የገበያ ስም ነው። የብራዚሉ ዳልበርጊያ ኒግራ፥ የህንዱ ዳልበርጊያ ላቲፎሊያ ይባላሉ። በአገራችን ቆላ የሚበቅለውና ክላሪኔት የሚሠራበት ዳልበርጊያ ሜላኖክሲሎንም የዚሁ ወገን ነው። የብራዚሉን የአገሩ ሰዎች ዣካራንዳ ይሉታል፤ በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር ሐምራዊ አበባ የሚያብበው ጃካራንዳ ግን ፈጽሞ ሌላ ዛፍ ነው። እንግዲህ ስም ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ስለ ቀለም የሚባለው፥ የህንዱ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቡናማ ሆኖ መሥመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ የብራዚሉ ግን ከቀይ ቡናማ እስከ ጥቁር ይለዋወጣል፥ የሸረሪት ድር የመሰለ ጥቁር መሥመርም ይታይበታል የሚል ነው። ይህ በጠቅላላው ትክክል ነው። ነገር ግን የብራዚሉ ግንድ ከመካከሉ ወደ ቅርፊቱ አቅጣጫ ሲሰነጠቅ መሥመሩ እንደ ህንዱ ቀጥ ይላል፤ በ1930ዎቹ ዓመታት ከተሠሩት መካከል ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ዕድሜና ቫርኒሽም ቀለሙን ይለውጡታል።

ድምፁን ማስረጃ ማድረግ ደግሞ ከሁሉ የደከመ ነው። በእንግሊዝ አገር የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ባወጡት ጥናት፥ በጀርባና በጎን እንጨታቸው ብቻ የሚለያዩ 6 ጊታሮች ለ52 ተጫዋቾች ተሰጥተው ነበር። ከእንጨቶቹ መካከል የብራዚልና የህንድ ሮዝውድ ይገኙበታል። ተጫዋቾቹ ጊታሮቹን በድምፃቸው ለመለየት እጅግ ተቸግረዋል።

ከዚህ የተሻለው ማስረጃ የፋብሪካ መዝገብ ነው። የአሜሪካው ማርቲን ፋብሪካ በመደበኛ ሥራው ከብራዚሉ ወደ ህንዱ የተሸጋገረው በ1969 መጨረሻ ገደማ ስለሆነ፥ የጊታሩ የመለያ ቁጥር ብዙ ያስረዳል። ሆኖም በሽግግሩ ወራት የተሠራን ወይም ጀርባው በጥገና የተለወጠን ጊታር ቁጥሩ ብቻውን አይወስነውም። እንዲህ ሲሆን ወደ ቤተ ሙከራ መሄድ ግድ ይሆናል። በዚያም ቢሆን የብራዚሉን ከአማዞኑ ዳልበርጊያ ስፕሩሴያና በአጉሊ መነጽር ብቻ መለየት አስቸጋሪ ነው፤ የእንጨቱን እፍጋትና በውስጡ ያሉትን ኬሚካሎች መመርመር ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ይጠቅማል የሚል ሊኖር ይችላል። የብራዚሉ ዛፍ ከ1992 ጀምሮ፥ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት እጅግ በጠበቀው ክፍል ውስጥ ገብቷል። በ2017 ሌሎቹም ዳልበርጊያዎች በቀለለው ክፍል ተመዝግበው ነበር፤ በ2019 ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከዚህ ነፃ ሲወጡ ግን ከብራዚሉ የተሠሩት ነፃ አልወጡም። ስለዚህ ዋጋ ለማስወደድ «ብራዚል» ተብሎ በግምት የተጻፈ ቃል ባለቤቱን በድንበር ላይ መሣሪያውን ሊያስይዘው፥ «ህንድ» ተብሎ በቸልታ የተጻፈውም ሕግ ሊያስጥሰው ይችላል።

ከዚህ የተነሣ እያንዳንዱ መግለጫ ከእንጨቱ ስም አጠገብ ማስረጃውን እንዲጽፍ እናሳስባለን፤ በቤተ ሙከራ የተረጋገጠ፥ በመዝገብ የተደገፈ፥ ወይም በዐይን የተገመተ እያለ ይለይ። በዐይን የተገመተ ብሎ መጻፍ ሻጩን አያሳፍረውም፤ ገዢውም ገንዘቡን የሚያወጣው በምን ላይ እንደ ሆነ አስቀድሞ ያውቃል።