ክፍት ሶፍትዌርና የመንግሥት መሥሪያ ቤት፤ ከሙኒክ የሚገኝ ትምህርት

የጀርመኗ ከተማ ሙኒክ እ.ኤ.አ. በ2003 በምክር ቤቷ ውሳኔ ዊንዶውስን ትታ፣ የምንጭ ኮዱ ለማንም ክፍት ወደ ሆነው ወደ ሊኑክስ ለመሸጋገር ተነሣች። በ2013 ሥራው ሲጠናቀቅ ከ14,000 በላይ ኮምፒዩተሮች በአዲሱ ሥርዐት ይሠሩ ነበር። ይሁን እንጂ በ2017 የከተማዋ ምክር ቤት ወደ ዊንዶውስ እንዲመለሱ ወሰነ።

ከዚህ በመነሣት ክፍት ሶፍትዌር ለመንግሥት ሥራ አይበጅም የሚሉ አሉ። ይህ አስተያየት ችኩልነት ይታይበታል። ከተማዋ ራሷ ያስጠናችው ጥናት ከታዩት ችግሮች ብዙዎቹ ከቴክኒክ ይልቅ ከአደረጃጀት የመነጩ መሆናቸውን አመልክቷል። በአንጻሩ የፈረንሳይ ዣንዳርመሪ በ2005 በኦፕን ኦፊስ ጀምሮ፣ በ2006 ፋየርፎክስን አስከትሎ፣ ከ2008 ወዲህ ኡቡንቱን በማስገባት በአንድ ማዕከላዊ አመራር ደረጃ በደረጃ ስለ ተጓዘ ከመንገዱ አልተመለሰም።

የደጋፊዎቹም ክርክር ቢሆን ከነቀፌታ አያመልጥም። የፈቃድ ክፍያ መቅረቱን አጉልተው የሠራተኛውን ሥልጠና ያሳንሳሉ። ፈቃዱ በነጻ ቢገኝም ዕውቀቱ በነጻ አይገኝም።

ጉዳዩ ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም ባዕድ አይደለም። ተማሪው የአንድ ኩባንያ ሶፍትዌር አዝራሮች የሚገኙበትን ሥፍራ ብቻ ከሸመደደ፣ ነገ በሥራ ገበታው ላይ ማንኛውም ለውጥ ያስደነግጠዋል፤ መንግሥትም በዚያው ኩባንያ እንደ ታሰረ ይቀራል። ሥርዐተ ትምህርቱ የጽሑፍና የሰንጠረዥ ዝግጅትን መሠረተ ሐሳብ ቢያንስ በሁለት ዐይነት ሶፍትዌር ቢያስተምር ግን ምርጫው በእርግጥ ምርጫ ይሆናል። ለዚህም በቅድሚያ ሊሠለጥን የሚገባው መምህሩ ነው።