የታውንሸንድ ረቂቆች

የ«ዘ ሁ» ባንድ ጊታሪስት ፒት ታውንሸንድ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው «ስኩፕ» በተሰኘው ድርብ አልበም ያስደመጠን በቤቱ የቀረጻቸውን ረቂቆችና ሙከራዎች ነው። ጊታሩን ብቻ ሳይሆን ቤዙን፣ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሩን፣ ብዙ ጊዜም ከበሮውን የተጫወተው ራሱ ነው። መድረክ ላይ ጊታር የሚከሰክሰው ሰውዬ እዚህ ለጃዝ ጊታሪስቱ ለባርኒ ኬስል ክብር ረጋ ብሎ ይጫወታል። «ቢሃይንድ ብሉ አይስ» የተሰኘውን ዘፈን ከባንዱ ድምፃዊ ከሮጀር ዳልትሪ ሳይሆን ከደራሲው ስስ ድምፅ መስማት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ እኔ እንዲያውም ይሄኛው ይበልጥብኛል። የባንዱ ከበሮ መቺ ኪት ሙን የሌለበት ከበሮ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይቀዘቅዛል። «ሜሪ» በውጥን ከቀረው «ላይፍሃውስ» ከተሰኘው የታውንሸንድ ሮክ ኦፔራ የተረፈች ዘፈን ናት። እንዲህ ያለችው ዜማ ካዝና ውስጥ ተቆልፎባት ብትቀር ኖሮ ያስቆጭ ነበር።