ከባድ ነገር ሲራመድ

ሆንግ ኮንግ፣ ሌሊት፣ ዶፍ ዝናብ። ጂፕሲ ዴንጀር የተባለችው ሮቦት ኦታቺ የምትባለዋን ጭራቅ ልትመታ የሰነዘረችው ቡጢ ይስትና የቢሮ ሕንፃ ጥሶ ይገባል። መስታወቱ ይረግፋል፣ ወንበርና ኮምፒውተር ይገለባበጣል፣ የብረቱ እጅ መንገዱ ላይ ያገኘውን ሁሉ እየጠረገ ይሄዳል። ኃይሉ አልቆ ሲቆም አንድ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ደርሷል። ጠረጴዛው ላይ በክር የተንጠለጠሉ የብረት ኳሶች አሉ፣ ያ የአለቆች ጌጥ። ጡጫው ጠረጴዛውን ነካ ያደርገዋል፤ ኳሶቹ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ይጀምራሉ። ከዚያ ጡጫው በገባበት ይወጣል።

«ፓሲፊክ ሪም»ን ከጓደኞቼ ጋር ስናይ እዚህ ቦታ ላይ ሁሉም ሳቀ። ሕንፃ ሲሠራ የሚውለው ጓደኛችን ግን ሳቁን ሳይጨርስ «ቆይ፣ መልሰው» አለ። ደግመን አየነው። «ይሄን ያሰበ ሰው ክብደት ያውቃል» አለ። ስለ ፊልሙ ከተባለው ሁሉ ይህ በልጦብኛል። ግዙፍ ነገርን ለማሳየት ሌላ ግዙፍ ነገር አጠገቡ ማቆም አይረዳም፤ ሁለቱም አብረው ያንሳሉ። የሚያስፈልገው በጣት የሚነካ ትንሽ ዕቃ ነው። ቢሮው ደግሞ ሙሉ በሙሉ የኮምፒውተር ሥራ አይደለም። ከእውነተኛው በሩብ መጠን ተሠርቶ የፈረሰ ሞዴል ነው፤ ፍርስራሹ እንደ ፍርስራሽ የሚወድቀውም ለዚህ ነው።

ዳይሬክተሩ ሜክሲኳዊው ጊየርሞ ዴል ቶሮ ነው፣ ዓመቱ እንደ ፈረንጆቹ 2013። ታሪኩ ባጭሩ፦ ከፓሲፊክ ውቅያኖስ ወለል ጭራቆች ይወጣሉ፤ የሰው ልጅ ሁለት ሁለት አብራሪ አእምሯቸውን አጣምረው የሚነዷቸው ሮቦቶች ይሠራል፤ ይደባደባሉ። ምልልሱ ብዙ ቦታ ላይ ቀሽም ነው። ኢድሪስ ኤልባ በድምፁ ብቻ የሚሸከመውን ንግግር ሌላ ተዋናይ ቢይዘው ይወድቅ ነበር። በዚህ ላይ ከጓደኞቼ ጋር አልተከራከርኩም።

የተከራከርነው በፍጥነቱ ላይ ነው። አንዷ ጓደኛችን «ምነው ተንቀራፈፈ? አንድ ቡጢ ለመሰንዘር ይሄ ሁሉ ጊዜ!» አለች። የግንባታው ሰው ስልኩን አውጥቶ ማስላት ጀመረ። ጂፕሲ ዴንጀር ቁመቷ 79 ሜትር ነው። ከዚያ ከፍታ የተለቀቀ ድንጋይ መሬት ለመድረስ 4 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ከሰው አናት የወደቀ ግን በ0.6 ሰከንድ ይደርሳል። የመሬት ስበት ለግዙፍ ብሎ አይቸኩልም። ስለዚህ 79 ሜትር የሆነ አካል እንደ ሰው ፈጥኖ ቢወራጭ ዓይናችን ሂሳብ ሳይሠራ ማጭበርበሩን ያውቀዋል፤ አካሉ ትንሽ መሆኑን ይነግረናል።

የድሮ ባለሙያዎች ይህን ያለ ኮምፒውተር ደርሰውበት ነበር። በ1954 ኢሺሮ ሆንዳ «ጎድዚላ»ን ሲሠራ የልዩ ትዕይንቱ ኃላፊ ኤጂ ሱቡራያ ካሜራውን ከተለመደው ፍጥነት በላይ እያሽከረከረ ይቀርጽ ነበር፤ በተለመደው ፍጥነት ሲታይ እንቅስቃሴው ይከብዳል። በሩብ መጠን ለተሠራ ሞዴል ደንቡ እጥፍ ፍጥነት ነው፦ በሰከንድ 48 ፍሬም ቀርጾ በ24 ማሳየት። ከባዱ የላስቲክ ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚራመደው ሃሩዮ ናካጂማ ነበር። ዴል ቶሮም ጭራቆቹ ሲነደፉ ሰው ውስጣቸው ሊገባ የሚችል እንዲመስሉ አዟል። በኮምፒውተር የፈለገውን ቅርጽ ማውጣት የሚችል ሰው በፈቃዱ የላስቲክ ልብስን ገደብ ሲቀበል ማየት ደስ ይላል። ፊልሙን የሰጠውም ለሆንዳና አሻንጉሊት በእጁ እያንቀሳቀሰ ፍሬም በፍሬም ይቀርጽ ለነበረው ለሬይ ሃሪሃውሰን መታሰቢያ ነው። ሃሪሃውሰን ያረፈው ፊልሙ ሊወጣ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው ነው።

የፊልሙን የኮምፒውተር ትዕይንቶች የሠራው ኩባንያ የኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ አኒሜተሮች፣ በሃል ሂከል መሪነት፣ የሮቦቶቹን እንቅስቃሴ በዋናነት ያወጡት ከተዋናይ አካል ቀድተው ሳይሆን በእጃቸው ነው። የጂፕሲ ዴንጀርን ቡጢ ልብ ብላችሁ እዩ፦ እጇ ብቻውን አይሄድም። እግር ይተከላል፣ ወገብ ይዞራል፣ ትከሻ ይከተላል፤ ያም አልበቃ ብሎ ክርኗ ላይ ያለው ሮኬት ተቀጣጥሎ ክንዱን ይገፋዋል። ለመምታት ሮኬት የሚያስፈልገው ክንድ! ከዚህ በኋላ ስንት ቶን እንደምትመዝን የሚነግረን ሰው አያስፈልግም።

ሌላው ጓደኛችን ያነሳው ቅሬታ ግን ተራ አይደለም፦ «ጨለማ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ባሕር ነው፤ ጉድለቱን ሊደብቁበት ነው።» ብዙ ፊልም ላይ እውነቱን ነው። እዚህ ግን ውሃው ደባቂ አይደለም፤ ለአኒሜሽን ባለሙያ ከውሃ የከፋ አበሳም የለም። መጀመሪያ ላይ አላስካ አጠገብ ባለው ጦርነት ሮቦቷ ከባሕር ብቅ ስትል ከትከሻዋ የሚወርደው ውሃ እንደ ፏፏቴ ነው፤ ታች እስኪደርስ ወደ ጭጋግነት ይበተናል። ትንሽ ነገር ላይ ውሃ ጭጋግ አይሆንም፣ ይንጠባጠባል እንጂ። እዚያው ትዕይንት ላይ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ በመዳፏ አንስታ ከጭራቁ ታሸሻለች፤ መርከበኞቹ መዳፍ ላይ እንዳሉ ስናይ የባሕሩም የእጁም ስፋት አንድ ላይ ይገባናል።

ተዋናዮቹ የቆሙበት የሮቦቷ ጭንቅላትም ስቱዲዮ ውስጥ ተገንብቶ በሃይድሮሊክ የሚናወጥ ነበር። ቻርሊ ሃናምና ሪንኮ ኪኩቺ እግራቸው ታስሮ፣ ከባድ ጋሻ ለብሰው፣ ውሃ እየተረጨባቸው ሠርተውታል፤ ትንፋሻቸው የትወና ብቻ አይመስልም፣ አይደለምም።

በ2018 በሌላ ዳይሬክተር ተከታዩ ክፍል ወጣ። ጦርነቱ በቀን ብርሃን ሆነ፤ ሮቦቶቹ ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ። ጨለማውን ያማረረው ጓደኛችን የፈለገውን አገኘ። ሁሉም ነገር ይታያል፤ ክብደቱ ግን ጠፍቷል፣ ሕንፃዎቹም ካርቶን መስለው ቀሩ። እሱ አሁንም ሁለተኛውን ይመርጣል፤ እኔም አሁንም ተሳስቷል እላለሁ።

አንድ ጥያቄ ላይ ግን ሁላችንም ከሱ ጋር ነን። ጂፕሲ ዴንጀር ኦታቺን በቡጢ ደበደበች፣ መርከብ በሆንግ ኮንግ ጎዳና ጎትታ እንደ ዱላ አወረደችባት፣ ተይዛ ሰማይ ድረስ ወጣች። ከዚያ በኋላ ነው ክንዷ ውስጥ የነበረው ሰይፍ የተመዘዘውና ጭራቋ በአንድ ምት የተተረተረችው። ሰይፉ ካለ ቀደም ብሎ የማይመዘዘው ለምንድን ነው? ፊልሙ መልስ የለውም፤ እኔም ልከላከልለት አልሞከርኩም።