ሲታድ የሚመዘነው በተቀባዮቹ ነው

ሸደር የስደተኞች መጠለያ ወይም ጅጅጋ ለሲታድ የተጠራ እንግዳ ጆሮው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መሪዋ ነው። ድምጿ ካማረ ሲታዱም ያማረ ይመስለዋል። እኔ ግን ቅድሚያ የምሰጠው ለተቀባዮቹ ነው። መሪዋ ሻካራ ድምፅ ቢኖራት፣ ዕድሜ ትንፋሿን ቢያሳጥረውም፣ ተቀባዮቿ ከበረቱ ሲታዱ ይሞቃል። ተቀባይ ከላላ ግን የትኛዋም መሪ አታድነውም።

ሲታድ የሶማሊ ሴቶች በከበሮና በጭብጨባ የሚያዜሙት ውዳሴ ነው። በመውሊድ ወር ይደምቃል፤ የመውለጃዋ ጊዜ ለደረሰ ሴት ዱዓ ለማድረግም ይቀመጡለታል። የወሎ መንዙማ ለለመደ ሰው አውጥቶ መቀበሉ እንግዳ አይሆንበትም። እዚህ ግን መድረኩ የሴቶች ነው፤ ከነቢዩ ሌላ በዋነኛነት የሚወደሱትም እናቶች ናቸው፦ ሐዋ፣ አሚና፣ ኸዲጃ፣ ፋጢማ።

ጥሩ ተቀባይ መሪዋ እስክትጨርስ አትጠብቅም። የመጨረሻው ቃል ሳይዘጋ ከሥሩ ትነሳለች፤ መሪዋም በዚያ መሃል ትተነፍሳለች። በሁለቱ መካከል ዝምታ ከገባ፣ ወይም መሪዋ ያንኑ ስንኝ ደጋግማ ለመጎተት ከተገደደች፣ የሴቶቹ ክብ ገና አልተጋጠመም። ከሌሎቹ በላይ የምትጮህ አንዲት ሴት ብትኖር እሷም ጉድለት ናት።

ከበሮው ላይ ደግሞ ትዕግሥትን ፈልጉ። ሲታድ የራሱ ቅደም ተከተል አለው፤ በአላህና በነቢዩ ይጀመራል፣ እንደ ሼኽ አብዱልቃድር ጀይላኒ ያሉ ወሊዮች ይወሳሉ፣ ከዚያ እናቶቹ ይጠራሉ። የሁሉም ጫፍ ፋጢማ ናት። በስሟ ጊዜ ሴቶቹ ይነሳሉ፣ ሽቶ ይረጫል፣ አንዳንዷም ራሷን ትስታለች። ገና በሐዋ ላይ የሮጠች ከበሮ መቺ ለፋጢማ ምን ታስቀራለች? የበሰለችው መቺ እጇን ትይዛለች፤ ፍጥነቱ የሚጨምረው ሰው ሳያውቀው ነው። ይህን ችሎታ ወጣቶቹ ላይ ብዙ አላየውም፣ ያሳስበኛልም።

ቋንቋውን የማይሰማም ቢሆን ግጥሙን በጥቂቱ መመዘን ይችላል። የአማርኛ ጆሮ ቤት መምቻውን ከስንኙ መጨረሻ ይጠብቃል። የሶማሊ ግጥም ግን በቃላት መነሻ ድምፅ ነው የሚያያዘው። ሲታድ እንደ ትልልቁ ግጥም በዚህ ሕግ አጥብቆ ባይታሰርም፣ ጎበዝ መሪ አዲስ ስንኝ ስትጨምር ያንን መነሻ ድምፅ ስትጠብቅ ይሰማችኋል።

ሸደር እንዲህ ለሚያዳምጥ ጆሮ የተለየ ስፍራ ነው። በአውበሬ ወረዳ የሚገኘው መጠለያ በ2000 ዓ.ም. ሲከፈት ያረፉበት ብዙዎቹ ከደቡብና ከመካከለኛው ሶማሊያ የመጡ ናቸው። በዚያው ዘመን አል ሸባብ በደቡብ ሲታድ እንደሚያወሳቸው ያሉ የሱፊ ሼኾችን መቃብር ያፈርስ ነበር። የጅጅጋ አካባቢ ሲታድ ዘመዶቹ ሐርጌሳና ጂቡቲ ናቸው፤ ደቡቦቹ ለእናቶቹ የሚያወጡት ውዳሴ ዜማውም አነጋገሩም ይለያል። ሁለቱ አንድ ክብ ውስጥ ሲገናኙ መጀመሪያ መቀባበሉ ይሰናከላል። አንዷ የሌላዋን መቀበያ ስትማር ግን፣ ለእኔ ከዚያ የሚበልጥ ሲታድ የለም።

ድምፅ ማጉያ ያለበትን ሲታድ ግን አልወደውም። ማይኩ ለመሪዋ ይሰጥና ተቀባዮቹ ይዋጣሉ።

ይህ ሁሉ በቂ ሰነድ የለውም። አጥኚዎቹ ሊድዊን ካፕታይንስና ማርያም ዑመር ዓሊ በ1995 እ.ኤ.አ. በጂቡቲ ሲታድ ላይ ጥናት አሳትመዋል፤ የጅጅጋና የሸደር መሪዎች ደግሞ እያረጁ ነው። ስለዚህ የተጠራችሁ ሴቶች፣ ባለቤቶቹን አስፈቅዱና በስልካችሁ ቅዱ። ስልኩን ግን ከመሪዋ አፍ ሥር አታስቀምጡት፤ ከተቀባዮቹ መሃል አኑሩት።