አጥንቱ እንጨት የሆነ መኪና፤ ስለ ጥገናና ስለ እውነተኛነት

አንድ አሮጌ የጥበብ ሥራ በሚጠገንበት ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ ከሥራው ዓይነት በላይ የሆነ ጥያቄ ነው። ብራናው የተቀደደ መጽሐፍ፣ ክዳኑ ያፈሰሰ ቤተ ክርስቲያን፣ ቀለሙ የረገፈ የግድግዳ ሥዕል፣ ሁሉም ለጠጋኙ የሚያቀርቡለት ፈተና አንድ ነው። የቱን ትቶ የቱን ይለውጥ? ከለወጠስ በኋላ በእጁ ላይ የቀረው ነገር የቀድሞው ነው ወይስ ሌላ? ይህን ጥያቄ ከሐውልትና ከሥዕል ይልቅ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ምናልባት ማንም የጥበብ ሥራ ብሎ ያልሠራው ነገር ይሆናል፤ በእንግሊዝ አገር ለተራው ቤተሰብ ተብሎ በብዛት የተመረተ፣ የኋላ አካሉ በእንጨት የታነጸ ትንሽ መኪና።

ሞሪስ ማይነር በአሌክ ኢሲጎኒስ ንድፍ ተሠርታ ለሕዝብ የቀረበችው በ1948 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ትራቨለር የተባለው የዕቃና የቤተሰብ መጫኛ ዓይነት ደግሞ ከ1953 እስከ 1971 ተመርቷል። የዚህ መኪና አሠራር በመልኩ ብቻ ለሚፈርድ ተመልካች አይገለጥም። ከኮፈኖው እስከ ፊተኛው በር ምሰሶ ድረስ ያለው ክፍል ብረት ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ ግን ጣራውን የሚሸከመው፣ የጎን መስኮቶችን የሚይዘውና ሁለቱ የኋላ በሮች የሚንጠለጠሉበት ሁሉ አሽ ከሚባል እንጨት የተሠራ ማዕቀፍ ነው። በማዕቀፉ መካከል የአሉሚኒየም ልባስ ይገባል። በቤት አሠራር ቢመሰል፣ ማገሩና ቋሚው ወደ ውጭ የታየ፣ ምርጊቱ ግን ወደ ውስጥ የገባ ቤት ማለት ነው።

እንጨቱ ጌጥ አይደለም፤ አጥንት ነው። ሂሱም ሊነሣ የሚገባው ከዚህ ነው። ይኸው ንድፍ አውጪ በኋላ ባወጣት ሚኒ በተባለችው አነስተኛ መኪና ትራቨለር ላይ ተመሳሳይ የእንጨት ማዕቀፍ ይታያል፤ ያ ግን ምሉዕ በሆነው የብረት አካል ላይ ተለጥፎ የቀረ ጌጥ ነው። በአሜሪካም ፎርድ የራሱን ደንና መሰንጠቂያ በሚሺጋን ግዛት በአይረን ማውንቴን ይዞ የእንጨት አካል ያላቸውን መኪኖች ሲሠራ ከቆየ በኋላ፣ ከ1952 ጀምሮ ካንትሪ ስኳየር የተባለውን መኪና በብረት ሠርቶ የእንጨት መልክ ብቻ አለበሰው። ቅርጹ ቀረ፤ ይዘቱ ሄደ። ጌጥ የሆነውን እንጨት ነቅሎ ሌላ መለጠፍ የቀለም ጉዳይ ነው። አጥንት የሆነውን መንካት ግን መኪናውን ራሱን መንካት ነው።

አሽ ከአማርኛ አንባቢ የራቀ ዛፍ ይመስላል እንጂ በዘር የወይራ ዘመድ ነው። ቃጫው ረጅምና ቀጥ ያለ ስለሆነ ይታጠፋል፣ ንቅናቄን ይችላል፣ በድንገት አይሰበርም፤ ስለዚህ የመጥረቢያና የመዶሻ እጀታ የሚሠራው ከእርሱ ነው። የሞርጋን መኪና ፋብሪካም በሞልቨርን እስከ ዛሬ ድረስ የአካሉን ማዕቀፍ በዚሁ እንጨት ይሠራል (የሞርጋን ሻንሲው ራሱ እንጨት ነው የሚለው ወሬ ግን ስሕተት ነው)። ይሁንና አሽ በአንድ ነገር ዘመዱን ወይራን አልመሰለም። ወይራ በምድር ተተክሎ ዘመን ይቆጥራል፤ አሽ ግን እርጥበት ካገኘው ቶሎ ይበሰብሳል። እንዲህ ያለውን እንጨት ዝናብ በማይጠፋበት አገር ከቤት ውጭ ለሚያድር መኪና አጥንት ማድረግ፣ ባለቤቱን የዘወትር ተንከባካቢ እንዲሆን ማስገደድ ነበር። ቫርኒሹ በየጊዜው ካልታደሰ ይሰነጠቃል። ውኃውም ተንሸራታቹ መስኮት በሚሄድበት ቦይ ተጠራቅሞ ወደ ታችኛው አግዳሚ ይሰርጋል፣ በመጋጠሚያዎቹም ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይታያል። ላዩ የሚያብለጨልጭ እንጨት ውስጡ አመድ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው አናጢ በዓይኑ አይፈርድም፤ ወስፌ ይዞ ይወጋል። ወስፌው ያለ ተቃውሞ የሚገባበት ቦታ የሞተ ነው።

ከዚህ በኋላ መንገዶች ይለያያሉ። አንደኛው በዘመናችን የተለመደው ነው፦ የማዕቀፉን ቁራጮች በሙሉ በማሽን ተዘጋጅተው ከሚሸጡበት ገዝቶ አሮጌውን ከነጤናማው ነቅሎ መጣልና በአዲስ መተካት። ሥራው ይፈጥናል፣ ጥንካሬውም አያጠራጥርም። ነገር ግን የዚህ መንገድ ተከታዮች ብዙውን ጊዜ ሥራቸውን በዚያ አያቆሙም፤ አዲሱን እንጨት በቀለም አጥቁረው አሮጌ ያስመስሉታል። የእንጨት ሽበት በቀለም አይበቅልም። ለአርባና ለሃምሳ ዓመት ፀሐይና ዝናብ፣ የልጆች እጅና የዕቃ ግጭት ያሳረፉትን ምልክት በአንድ ከሰዓት በኋላ በብሩሽ ማምጣት ጥገና ሳይሆን ተውኔት ነው። መጥፎ ተውኔትም ነው፤ ምክንያቱም ተመልካቹ ተውኔት መሆኑን እንዲያውቅ አይፈቀድለትም።

በተቃራኒው የቆመው ወገን «ምንም አይነካ» ይላል። ለዚህ ወገን የመጀመሪያው እንጨት የተቀደሰ ስለሆነ የበሰበሰውን ቀዳዳ በስቱኮ ሞልቶ፣ በላዩ ቫርኒሽ ቀብቶ «ያልተለወጠ» ብሎ ይኩራራል። ይህ ከፊተኛው የሚብስ ውሸት ነው። ፊተኛው ስለ ዕድሜ ይዋሻል፣ ይህ ግን ስለ ጥንካሬ ይዋሻል፤ በኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ደግሞ ሰዎች ናቸው። በእንግሊዝ አገር በየዓመቱ በሚደረገው የተሽከርካሪ ምርመራ የትራቨለር የበሰበሰ ማዕቀፍ መኪናውን የሚያስጥል ጉድለት ሆኖ ኖሯል። ከግንቦት 2018 ወዲህ ግን አርባ ዓመት ያለፋቸውና መሠረታዊ ለውጥ ያልተደረገባቸው መኪኖች ከምርመራው ነጻ ሆነዋል። የመጨረሻው ትራቨለር በ1971 የተሠራ በመሆኑ ሁሉም ከዚህ ነጻነት በታች ይገባሉ። ሕጉ መኪናው ለመንገድ ብቁ እንዲሆን አሁንም ያዝዛል፤ ወስፌውን የሚይዘው ግን ከእንግዲህ መርማሪው አይደለም፣ ባለቤቱ ነው።

የመኪና ማንነት ጉዳይ በ1990 በእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። በ1929 እና በ1930 የለ ማንን ውድድር ያሸነፈው፣ «ኦልድ ነምበር ዋን» የተባለው ቤንትሌይ በአሥር ሚሊዮን ፓውንድ ሊሸጥ ተስማምተው ሳለ፣ ገዢው ወገን «ይህ ያ መኪና አይደለም» ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ መሠረት አልነበረውም አይባልም። መኪናው በ1932 በብሩክላንድስ የውድድር ሜዳ አሽከርካሪው ክላይቭ ደንፊ የሞተበት አደጋ ደርሶበት፣ ከዚያ ወዲያ አዲስ አካል ተሠርቶለታል፤ በየጊዜውም ክፍሎቹ ተለዋውጠዋል። ዳኛው ኦተን ከ1929ኙ መኪና የቀረው ነገር እጅግ ጥቂት መሆኑን ተቀብለው፣ መኪናው ያልተቋረጠ ታሪክ ስላለው በስሙ ሊጠራ ይገባል ሲሉ ፈረዱ።

ይህ ፍርድ ለትራቨለሩ አናጢ ትልቅ ትርጉም አለው። በጣና ደሴቶች ያሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት የሣር ክዳናቸው ስንት ጊዜ ተለዋውጧል! «ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሆነ» ያለ ግን የለም፤ ክዳኑ ሲለወጥ ሕዝቡ ስለሚያውቀው፣ የተለወጠውም በዚያው ቦታ ለዚያው አገልግሎት ስለሆነ ነው። እንግዲህ ማንነትን የሚያፈርሰው መለወጡ ሳይሆን መለወጡን መደበቁ ነው። ስለ ሐውልቶች ጥገና በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተርም ከዚህ አይርቅም፤ የጎደለውን የሚተካው ክፍል ከጠቅላላው ጋር የሚስማማ፣ ግን ከመጀመሪያው ተለይቶ የሚታወቅ እንዲሆን ይጠይቃል። ቻርተሩ የተጻፈው ለድንጋይ ሕንፃ ቢሆንም ለአራት ጎማም ይሠራል።

በተግባር ይህ ማለት ሦስተኛው፣ አድካሚው መንገድ ነው። አናጢው የሞተውን ክፍል ጤናማው እንጨት እስኪገኝ ድረስ ቆርጦ ያወጣል። ጫፉን በረጅም ሰያፍ ያዘጋጃል፤ ሰያፉ በረዘመ መጠን የሙጫው መያዣ ይሰፋል፣ ሸክሙም በአንድ መስመር ላይ ከመውደቅ ይልቅ ይከፋፈላል። አዲሱን አሽ በቃጫው አቅጣጫ አመሳስሎ፣ ውኃ በማይፈታው ሙጫ አጣብቆ ያስራል። ከዚህ በፊት ግን በሮቹና መስኮቶቹ ሳይወልቁ፣ አካሉ በድጋፍ ሳይያዝ ማዕቀፉን መፍታት አይገባም፤ አጥንቱ ሲወጣ ጣራው ይሰምጣልና። ሲጠናቀቅ አዲሱ ቁራጭ ነጣ ብሎ ይታያል፣ መጋጠሚያውም እንደ ጠባሳ መስመር ይተዋል። ይህን መስመር በቀለም ለመሸፈን መቸኮል አያስፈልግም። የብራና ጸሐፊ በመጽሐፉ መጨረሻ ስሙንና ዘመኑን እንደሚያሰፍር ሁሉ፣ አናጢውም በማይታየው ጀርባ ላይ የሠራበትን ዓመት ቢቀርጽ ለሚቀጥለው ጠጋኝ ውለታ ይሆናል።

«ይህ ሁሉ ድካም ለአንዲት የገበያ ዕቃ?» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ዕቃውን እንጂ ሠራተኛውን አያይም። በማምረቻው መስመር ላይ እንጨቱን ገጣጥመው፣ አሸተውና ቫርኒሽ ቀብተው የለቀቁት ሰዎች ስማቸው በየትም አልተጻፈም። የሥራቸው ምስክር ሆኖ የቀረው ያ ጤናማ አግዳሚና ያ ያልተላቀቀ መጋጠሚያ ብቻ ነው። ለአዲሱ ሙሉ ማዕቀፍ ሲባል እርሱም አብሮ ወደ ምድጃ ይሄዳል።

ጉዳዩ ደግሞ ከእንግዲህ የምርጫ ብቻ አይደለም። በ2012 በብሪታንያ መኖሩ የተረጋገጠው አሽን የሚያደርቅ የፈንገስ በሽታ ደኖቹን እያራቆተ ነው፤ ከመቶው ሰማንያ ያህሉ ዛፍ ሊጠፋ ይችላል የሚል ግምት አለ። በማሽን የሚዘጋጀው ሙሉ ማዕቀፍ የሚጠይቀው ረጅም፣ ቀጥ ያለና እንከን የለሽ ግንድ ነው። ሰያፍ ጥገና ግን አጭር ቁራጭ ይበቃዋል፤ ከአንድ ተበትኖ ከሚጣል ትራቨለር የወጣው፣ ወስፌ ያልገባበት የ1960ዎቹ አሽ ለሌላው ትራቨለር የታችኛው አግዳሚ ጫፍ ሊሆን ይችላል።