መልክአ ኢየሱስን በሰባተኛ ስለ መድገም

ጸሎት ሙያ ነው ስል የሚደነግጡ አሉ፤ ሙያ የእጅ ነው፣ ጸሎት ግን የልብ ነው ይሉኛል። እኔ ግን ዕድሜዬን በልብስ ስፌት ያደርሁ ሰው እንደ መሆኔ፣ እጅ ያልለመደው ሥራ ልብንም እንደማያሳርፍ አይቻለሁና፣ ጸሎትም ሰዓቱን፣ ሥርዓቱንና ቃሉን ጠብቆ በየዕለቱ ካልተሠራ በቀር ወደ ክርስቶስ ፍቅር እንደማያደርስ በፍጹም ልቤ አምናለሁ።

እዚህ መርካቶ ውስጥ፣ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጥ፣ የወንጌላውያን አማኝ የሆነ አንድ ትሑት ወጣት አለ። አንድ ቀን ገበያው ቀዝቅዞ ሳለ በአክብሮት ቀርቦ «ጋሼ፣ ጌታን በግልዎ ያውቁታል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሃይማኖቴን ለመንቀፍ የተወረወረ ጥያቄ አልነበረምና አልተቈጣሁም፤ ይልቁንም እኛ በጾምና በበዓል መካከል ተወልደን ያደግን ክርስቲያኖች ስሙን በየሰዓቱ እየጠራን ባለቤቱን ሳናነጋግረው የምንውልበት ቀን ብዙ ነውና፣ ጥያቄው የሚገባ ሆኖ አገኘሁት። «አዎን፤ ያስተዋወቀኝም መልክአ ኢየሱስ ነው» አልሁት። ምን ማለቴ እንደ ሆነ ግን በቆምንበት ተናግሬ አልጨረስሁለትም።

መልክእ ከ15ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ በሊቃውንታችን ዘንድ እየተስፋፋ የመጣ የግእዝ ድርሰት ነው፤ መልክአ ማርያምን ዐፄ ናዖድ እንደ ደረሱት በትውፊት ይነገራል። እያንዳንዱ አንጓ ብዙውን ጊዜ አምስት ስንኝ ሆኖ በአንድ ቤት ይመታል፤ አካሄዱም ከስሙ ዝክር ተነሥቶ ወደ ሥዕርት፣ ወደ ርእስ፣ ወደ ቀራንብት፣ ወደ አዕይንት፣ ወደ ከናፍርና ወደ እስትንፋስ፣ ከዚያም በክሳድና በመታክፍት፣ በእንግድዓና በአእዳው፣ በገቦና በአብራክ አድርጎ እስከ አእጋርና እስከ መከየድ፣ ማለትም ከራስ ጠጕር እስከ እግር ጫማ፣ ይወርዳል፤ ለእያንዳንዱም አካል ሰላምታ ያቀርብለታል።

ለልብስ ሰፊ ይህ አካሄድ እንግዳ አይደለም። ሸክም የሚያነሡ ወዛደሮች ኮት ሊያሰፉ ሲመጡ ሜትሬን ዘርግቼ አንገቱን፣ ትከሻውን፣ ደረቱን፣ እጅጌውን በተራ ስለካ፣ የአንዱ ቀኝ ትከሻ ከግራው ዝቅ ብሎ፣ ቆዳውም ጆንያ በሚያርፍበት ቦታ ጠንክሮ አገኘዋለሁ፤ በዚህም ሰውዬው ሳይነግረኝ የኖረበትን ኑሮ አውቃለሁ። መልክአ ኢየሱስም እንዲሁ ነው። መታክፍትን ስደርስ መስቀል የተሸከመውን ትከሻ፣ እራኅን ስደርስ ችንካር ያለፈበትን መዳፍ፣ ገቦን ስደርስ ጦር የወጋውን ጎን እያሰብሁ ስቆም፣ ጌታ በሩቅ የሚከበር ስም መሆኑ ይቀርና የደከመ፣ የተጠማ፣ የቆሰለ፣ እኔንም ዓይን ለዓይን የሚመለከተኝ ይሆናል።

ሰላምታው ከንቱ የስሜት መግለጫ እንዳይመስል፣ ከበስተ ኋላው የቆመውን ትምህርት ማስታወስ ይገባል። ቅዱስ ቄርሎስ በ431 እ.ኤ.አ. በኤፌሶን ጉባኤ ያጸናውና የተዋሕዶ ሃይማኖታችን የቆመበት ምስጢር፣ ቃል ሥጋን ከራሱ ጋር ያለ መለየትና ያለ መቀላቀል አንድ ማድረጉ ነው፤ ስለዚህ ጉልበቱን ሰላም ያለ ሰው የአምላክን ጉልበት ሰላም ብሏል። ይህን ያላመነ ሰው መልክእ ቢደግም፣ ግጥሙን ያደንቅ ይሆናል እንጂ የሚያነጋግረው የለውም።

አሁን ወደ አሠራሩ ልመለስ። ጣልያን በ1930ዎቹ መጀመሪያ ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ ወደዚህ ካዛወረው ወዲህ፣ መርካቶ የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ታላቁ አንዋር መስጊድ ጎን ለጎን የቆሙበት፣ ነገር ግን ጸጥታ የማይገኝበት ስፍራ ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ ወደ ምሥራቅ ዞሬ የዕለቱን ዳዊት እደግማለሁ፤ ሰኞ ከአንድ እስከ ሠላሳ፣ ማለትም ሦስት ንጉሥ፣ ማክሰኞም የሚቀጥለውን ሠላሳ፣ ከዚያም የየዕለቱን ድርሻ እየደገምሁ እስከ ቅዳሜ መዝሙሩን ጨርሼ እሑድ ወደ መኃልየ ነቢያትና ወደ መኃልየ መኃልይ እገባለሁ። መልክአ ኢየሱስን ግን ሱቅ ከፍቼ፣ የስፌት መኪናዬን መርገጫ ከመንካቴ በፊት፣ በጠመኔ ብናኝ ጠርዙ የነጣውን ትንሿን መጽሐፍ ገልጬ እደግማለሁ። ያን ጊዜ አይሱዙው ያጓራል፤ ወዛደሩም «ዞር በል!» ይላል፤ ሕሊናም ይበተናል። ሕሊና ሲበተን ከመጀመሪያው መጀመር ያደክማል፣ ያስቈጣልም፤ የተበተነበትን አንጓ ይዞ፣ ያንኑ አካል እንደገና ሰላም ብሎ መቀጠል ይሻላል። ፈጥኖ ከጨረሰው ይልቅ በአንድ አንጓ ላይ የዘገየ ብዙ ያተርፋል፤ ቀኑ የጠበበ ከሆነ እስከ እጆቹ ደርሶ ማቆም ነውር የለበትም።

ስለ እንባም አንድ ነገር ልበል። ማር ይስሐቅ ስለ አንብዕ ሀብት በሰፊው ያስተማረውን የሰሙ ሰዎች፣ ዓይናቸው ደርቆ ሲቀር ክርስቶስ የተዋቸው ይመስላቸዋል። እንባ ሀብት ነው፤ ሀብት ደግሞ የሰጪው ፈቃድ እንጂ የለማኝ ጥበብ አይደለም። ልቤ ደንጊያ በሆነባቸው ወራት መልክኡን ያለ አንዳች ሙቀት ደግሜዋለሁ፤ ቃሉ ግን እኔ ባልሞቅሁበት ጊዜም እውነት ነበረ፤ እርሱም ሰላምታዬን ስለ መቀበሉ የእኔን ስሜት ምስክር አልፈለገም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ሥጋውን ክፍል በክፍል ሰላም እያልን፣ ያንኑ ሥጋና ደም ሳንቀበል ወጣትነታችንን በሙሉ የምናሳልፍ ብዙዎች ነን፤ ሽበት እስኪመጣ መጠበቅ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሳይሆን የልማድ ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ከአክብሮት እንደ ተወለደ አልክድም። ነገር ግን ንስሐ የገባ ሰው፣ የንስሐ አባቱ ከፈቀዱለት፣ 18 ሰዓት ጾሞ ወደ ቅዱስ ቁርባን መቅረብ እየቻለ በደጅ ቢቀር፣ ማንን ሲያነጋግር ኖረ? ክርስቶስን በግል ማወቅ ለብቻ ማወቅ አይደለም፤ ካህኑ፣ ቅዳሴውና ማዕዱ የሌሉበት ፍቅር ቀስ በቀስ ወደ ራስ ሐሳብ ይዞራል።

በሱቄ የሚለማመድ አንድ ልጅ አለ። ግእዝ አያውቅምና ትርጉሙን በአማርኛ ነግሬው ስሙን፣ ዓይኑን፣ እጁንና እግሩን የሚመለከቱትን አንጓዎች ብቻ አስጠናሁት። ወሩ በባተ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ28 አማኑኤል፣ በ29 በዓለ ወልድ ስለሆነ፣ በእነዚህ ሦስት ቀናት አብረን እንደግማለን። ባለፈው ወር ወደ ቁርባን መቅረብ እንደሚመኝና እንደሚፈራ ነገረኝ፤ እኔም ወደ ንስሐ አባቱ ሰደድሁት።