ዓርብ ከሰዓት የተያዘ ሰው

አንድ ነገር ልጠይቃችሁማ። ሰው የሚያዘው ዓርብ ከሰዓት ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? እኔ የጎረቤቴ ልጅ እስኪያዝ ድረስ አላውቅም ነበር።

ልጁ ሞባይል ጥገና ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። የተሰረቀ ስልክ ገዝተሃል ተብሎ ዓርብ በአሥር ሰዓት ተወሰደ። እናቱ ራት ይዛ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። በር ላይ የቆመው ፖሊስ "እማማ፣ ቅመሱለት" አላት፤ ቀመሰች። ጣቢያ ደጃፍ ቆሞ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ እናት ልጇን እንዳልመረዘች በጉርሻ ታስመሰክራለች። መቼ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ብጠይቅ "ነገ ቅዳሜ፣ ከነገ ወዲያ እሁድ፣ ምን አስቸኮለዎት?" ተባልኩ።

ሕገ መንግሥቱ ግን ቅዳሜና እሁድ የሚባል ነገር አያውቅም። በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ብሏል፤ የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የሚወስደው የመንገድ ጊዜ ነው። ከዚያ ጣቢያ እስከ ችሎቱ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ልጁ የቀረበው ማክሰኞ ጠዋት። ያው አንቀጽ እኮ ፖሊስ በሰዓቱ ካላቀረበው ታሳሪው የአካል ነጻነቱ እንዲከበርለት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል ይላል። በየትኛው እግሩ ሄዶ እንደሚጠይቅ ነው የጨነቀኝ።

ችሎት ገባን። መርማሪው "ግብረ አበር ስላልያዝን፣ የምስክር ቃል ስላልተቀበልን" ብሎ 14 ቀን ጠየቀ። ተፈቀደለት። በሁለተኛው ቀጠሮ ያንኑ ቃል በቃል ደገመው፣ ሌላ 14 ቀን። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይብለጥ ሲል፣ ስንት ጊዜ የሚለውን ሳይወስን አለፈው። ለዳኛው ኅሊና የተተወ ነው መሰለኝ። ሕገ መንግሥቱም ዳኛው ተጨማሪ ጊዜ ሲሰጥ ምርመራው መፋጠኑን እንዲያረጋግጥ አደራ ጥሎበታል። "ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ምን ሠራችሁ?" ለማለት አምስት ቃል ነው የሚፈጀው። እኔ የሰማኋት በሦስተኛው ቀጠሮ፣ ሌላ ዳኛ ሲቀመጡ ነው። መርማሪው መልስ አልነበረውም። አምስት ሺህ ብር ዋስ ተፈቀደ፤ እናቱ ከእቁብ ዳኛዋ ለምና አመጣች። የመፍቻ ትዕዛዙን ይዘን ጣቢያ ስንደርስ "ሌላ መዝገብ ተከፍቶበታል" አሉን።

እዚህ ላይ ነው 1993 ዓ.ም. ትዝ ያለኝ። በሙስና ተጠርጥረው የተያዙት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲወጡ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ ፈቀዱ። አቶ ስዬ ከፍርድ ቤቱ እንደወጡ ወዲያው ተመልሰው ተያዙ። ብዙም ሳይቆይ ፓርላማው በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳይሰጠው የሚከለክል አዋጅ አወጣ። ሕገ መንግሥቱ ዋስትናን መብት አድርጎ፣ በሕግ በተደነገገ ልዩ ሁኔታ ፍርድ ቤት ሊከለክል ይችላል ብሎ ነበር። አዋጁ ግን ዳኛዋ የምታመዛዝነውን ነገር ከእጇ ወሰደባት። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከ10 ዓመት በላይ ለማያስቀጡ ክሶች በሩን መልሶ ገርበብ አደረገው፤ አቶ ስዬ ከእስር የወጡት በ1999 ነው። ሚኒስትር የነበረ ሰው እንዲህ ከሆነ የስልክ ጠጋኝ ምን ዋጋ አለው?

"ታዲያ ሌባ ሁሉ ይፈታ ነው የምትለው?" የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። ስልኩን ሁለት ጊዜ ስለተነጠቀ አልፈርድበትም። የሚጠፋ ማስረጃ አለ፣ የሚያስፈራሩት ምስክር አለ፤ ፖሊስ ጊዜ ሊያስፈልገው ይችላል። ግን ለምን እንዳስፈለገው ለሌላ ሰው ያስረዳ፤ ያም ሰው እምቢ ሲል ይቁም። የእኔ ክርክር ከዚህ አያልፍም። ድሮ ዱላ ያነሳ ሰው አላፊ አግዳሚው "በሕግ አምላክ!" ሲለው እጁ ባለበት ይቀር ነበር ይባላል፤ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አቋጥረው ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ ነበር። ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ ትሻለኛለች ያለው ያ ሰው ነው። እውነቱን ለመናገር "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ያለውም እሱው ነው። ሁለቱንም ወርሰናል፤ ጣቢያ በር ላይ የምትሠራው ግን ሁለተኛዋ ሆናብኛለች።

ፖሊስን ብቻ ብወቅስ ደግሞ ዋሾ እሆናለሁ። ልጁ በተያዘ በማግስቱ ሠፈሩ "ያለ ነገር አይያዝም" እያለ ነበር። እኔም ያንን የእናቱን ጉርሻ እያየሁ በልቤ "ምን አድርጎ ይሆን?" ብያለሁ። ማን ያዘው፣ በምን ትዕዛዝ ያዘው ብዬ ለመጠየቅ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

በ41ኛው ቀን ክስ ሳይመሠረትበት ወጣ። ወንበሩ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጦ አገኘ። አሁን እናቱ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ይሠራል፤ ባለፈው የእኔን ስልክ መስተዋት ቀየረልኝ፣ ጎበዝ ነው። ዓርብ ዓርብ ግን ከስምንት ሰዓት በኋላ ጠረጴዛውን ወደ ውስጥ ያስገባል።